የአገራችንን ዘንባባ ከፍሬ ማብቀል፦ ለሐዋሳ ግቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ሆሳዕና ሲደርስ የሐዋሳ መንገዶች በዘንባባ ይሞላሉ። ልጆች ቀለበት ሠርተው በጣታቸው ያጠልቁታል፤ እናቶች ግንባራቸው ላይ ያስሩታል፤ የተረፈው ቤት ገብቶ ከሥዕል ጎን ይሰካል። ይህ ሁሉ ቅጠል የሆነ ቦታ ከቆመ ዛፍ ላይ ተቆርጦ የመጣ ነው። በየዓመቱ እንቆርጣለን፤ የሚተክለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ዘንባባ ከፍሬ እንደሚበቅል፣ ግቢያችን ውስጥም ልናሳድገው እንደምንችል አስበነው አናውቅም።

ይቻላል። ብዙ ወጪም የለውም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ትንሽ ጥንቃቄ ነው። ዛፉን ከመለየት ጀምሮ ቅጠል እስከመቁረጥ ድረስ ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የምትተክሉት ግን የአገሩን ዘንባባ እንዲሆን እለምናችኋለሁ፤ ምክንያቱን ወዲያው ትረዱታላችሁ።

የትኛው ዘንባባ?

እዚህ ከተማ ብዙ ዓይነት ዛፍ በአንድ ስም ነው የምንጠራው። በአስፋልቱ መሃልና በሆቴሎች በር ላይ ከምታዩዋቸው ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣው ዋሺንግቶኒያ ነው። አገሩ ሜክሲኮና ደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ነው። አንድ ወፍራም ግንድ ኖሮት አናቱ ላይ ትልቅ ክብ ዘውድ የሚሠራው ደግሞ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ነው። ያምራሉ፤ ግን የእኛ አይደሉም።

የእኛው ፊኒክስ ሬክሊናታ የሚባለው ነው። ሰሌን የሚሉትም አሉ፤ በኦሮምኛ ሜጢ ይባላል። የቴምር የቅርብ ዘመድ ነው። ለመለየት መጀመሪያ ግንዱን እዩ። ከአንድ ሥር ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ይወጣሉ፤ ሲያድጉም ወደ ጎን ዘንበል ይላሉ። ቁመታቸው 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቀጥሎ ቅጠሉን እዩ። ረጅም ዘንግ አለው፤ በግራና በቀኙ ቀጫጭን ቅጠሎች ተሰልፈዋል። ወደ ግንዱ እየቀረባችሁ ስትመጡ እነዚያ ትንንሽ ቅጠሎች ወደ ጠንካራ እሾህ ይለወጣሉ። ፍሬው 2 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ሲበስል ብርቱካናማ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። ሥጋው ስስ ቢሆንም ይጣፍጣል፤ ወፎችና ጦጣዎች ይወዱታል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ዛፍ በዓለም ደረጃ ሊጠፋ የተቃረበ አይደለም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር ድረስ ይገኛል። ችግሩ ያለው የሚወደው ቦታ ላይ ነው። ዘንባባ የወንዝ ዳር፣ የረግረግ ጫፍ፣ የምንጭ አጠገብ ዛፍ ነው። እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምናርሰው፣ የምናደርቀውና ከብት የምናሰማራበት እሱኑ ቦታ ነው። ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለውን ጨለለቃን ተመልከቱ። ከ50 ዓመት በፊት ውሃው የተንጣለለ ሐይቅ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከዚያ ተነሥቶ ነው ወደ ሐይቃችን የሚገባው። እንዲህ ያለ እርጥብ መሬት ሲጠብ፣ ውሃ የሚወድ ዛፍ ሁሉ አብሮት ይጠባል።

መጨረሻው ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤታችን ጅቡቲ፣ በጎዳ ተራሮች ውስጥ፣ ባንኩዋሌ በሚባል ሸለቆ አንድ ብርቅ ዘንባባ አለ። በሳይንስ ስሙ ሊቪስቶና ካሪኔንሲስ ይባላል። ወገኖቹ በሙሉ እስያና አውስትራሊያ ነው ያሉት፤ በአፍሪካ ምድር ከዚያ ወገን የቀረው እሱ ብቻ ነው። ከጅቡቲ ሌላ በሰሜን ሶማሊያና በየመን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ይገኛል። ግንዱ ለቤት መሥሪያ ተቆረጠ። የምንጩ ውሃ ወደ አትክልት ቦታ ተጠለፈ። ፍየል ቡቃያውን በላው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው እያሉ ተተኪ ልጅ ካጡ ያ ዛፍ እያረጀ ያለ ዛፍ ነው። የእኛ ዘንባባ እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ አሁን መትከል ቀላል ነው፤ ፍሬው ገና በእጃችን ነው።

እናት ዛፍ መፈለግ

አንድ ጥሩ ዘዴ ልንገራችሁ። ሆሳዕና ሰሞን ቅጠል የሚሸጡትን ሰዎች ጠይቁ። ከገዛችሁ በኋላ በትሕትና «እትዬ፣ ይሄ ከየት ነው የመጣው?» በሉ። ዛፉ የት እንዳለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከቅጠሉ የሰሌን ምንጣፍ የሚሠሩ ሴቶችም እንደዚያው። የቆዩ ቤተ ክርስቲያን ግቢዎችን፣ ወደ ወንዶ ገነት በኩል ያሉ የወንዝ ዳሮችን እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ። ወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ስላለ ስለ አገር በቀል ዛፍ የሚያውቅ ሰው ማግኘትም ይቀላል።

ዛፉ ሴት መሆን አለበት። ዘንባባ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ብቻ ናት። ስለዚህ አንድ ዛፍ ፍሬ ስላላያችሁበት መካን ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ወንድ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የፊኒክስ ዝርያዎች እርስ በርስ በቀላሉ ይዳቀላሉ። የእኛዋ ሴት ዘንባባ ከካናሪ ዘንባባ ወይም ከቴምር አጠገብ ከቆመች፣ ፍሬዋ ዲቃላ ሊሆን ይችላል። ዛፉ ይበቅላል፣ ያምራልም፤ ግን የአገሩን ዝርያ ጠበቅን ማለት አንችልም። ስለዚህ ከመሃል ከተማ፣ ከሆቴልና ከአደባባይ አካባቢ ፍሬ አትልቀሙ። በአካባቢው የውጭ ዘንባባ የሌለበትን ዛፍ ምረጡ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በኋላ ሊታረም ስለማይችል ነው። የደረቀ ችግኝ ይተካል፤ የተደባለቀ ዘር ግን ተመልሶ አይለይም።

ዛፉ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። ለምን እንደምትፈልጉት ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። የገበሬ ማሳ ዳር ከሆነም ባለቤቱን ጠይቁ።

ፍሬ መልቀም

የሚለቀመው የበሰለ ፍሬ ነው። አረንጓዴውንና ቢጫውን ተዉት። ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ሆኖ፣ ሲነኩት ለስለስ ያለውን ፈልጉ። መሬት ላይ የወደቀው ከሁሉም ይሻላል፤ ዛፍ ላይ መውጣትም አያስፈልግም። እሾሁ ቀልድ አያውቅምና ልጆችን ወደ ግንዱ አታስጠጉ።

ከአንድ ዛፍ አንድ እፍኝ ይበቃችኋል። ዘለላውን ሙሉ ቆርጦ መሄድ ልክ አይደለም። ወፉም ጦጣውም ያንን ፍሬ በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ዛፉ ራሱን የሚተካው በእነሱ ነው። ከተቻለ ከሁለት ሦስት ዛፎች ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። ከአንድ እናት ብቻ የመጡ ችግኞች ሁሉም ወንድማማች ናቸው፤ ከተለያዩ እናቶች ሲሆኑ ግን በሽታም ድርቅም ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጎዱም።

«ፍሬ ከምለቅም ከጎኑ የወጣውን ቡቃያ ነቅዬ ባመጣስ?» የሚል ይኖራል። ከዱር ከሆነ አታድርጉት። ከግንዱ ሥር የሚወጣው ቡቃያ የእናቱ ሥር ላይ የተጣበቀ ነው። ቆፍራችሁ ስታላቅቁት እናቱን ታቆስላላችሁ፤ እሱም በቂ የራሱ ሥር ስለሌለው ብዙ ጊዜ ይደርቃል። ቢያዝ እንኳ የእናቱ ግልባጭ ነው። ከወንድ ዛፍ ከወሰዳችሁት ወንድ ነው፤ መቼም ፍሬ አይሰጣችሁም። ከፍሬ ስትጀምሩ ግን ሁለቱም ጾታ ይገኛል።

ማጽዳት

ሥጋው ካልተነሣ ዘሩ ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ፍሬውን ባልዲ ውስጥ በውሃ ዘፍዝፉት። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆይ፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ከዚያ ከአሸዋ ጋር በእጃችሁ ፈትጉት። ሥጋው ሲለቅ ጠንካራ፣ ሞላላ፣ በአንድ ጎኑ መስመር ያለው ዘር ታገኛላችሁ። ያው የቴምር ፍሬን ይመስላል፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል።

የጸዳውን ዘር እንደገና ውሃ ውስጥ ክተቱት። የሚንሳፈፈውን ጣሉት፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው። የሰመጠውን ያዙ። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ባገኛችሁበት ሳምንት ብትዘሩት ጥሩ ነው። ማቆየት ግድ ከሆነ ጥላ ላይ አንጠፍጥፋችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ከመዝራታችሁ በፊትም አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት።

ማብቀል

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ባቄላ በሳምንት ይወጣል፤ ዘንባባ ግን እንደ ሙቀቱ ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው «አልበቀለም» ብሎ አፈሩን የሚደፋው ዘሩ ሥር ማውጣት ሲጀምር ነው።

ሙቀት ወሳኝ ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ሞቅ ቢልም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብትጀምሩ ይቀላችኋል። በሌላ ወር ፍሬ ካገኛችሁም ችግር የለም፤ ሙቀት ያለበት የቤት ጥግ ፈልጉ።

እኔ የምመርጠው በፕላስቲክ ከረጢት ማብቀልን ነው። ቦታ አይፈጅም፣ ዘሩንም በዓይን መከታተል ይቻላል። ጥሩ የወንዝ አሸዋ ውሰዱ፤ ጨው ወይም ሲሚንቶ የነካው እንዳይሆን። በደንብ እጠቡት። ከዚያ አርጥቡት። እርጥበቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ በእጃችሁ ጨብጡት፦ ውሃ ካልተንጠባጠበ፣ ስትለቁትም ወዲያው ካልፈረሰ ደህና ነው። አሸዋውንና ዘሩን በአንድ ላይ ብርሃን በሚያሳልፍ ከረጢት ውስጥ ክተቱ፤ አፉን ቋጥሩ። ቀኑን ላዩ ላይ ጻፉበት፤ መጻፉ ትንሽ ነገር ቢመስልም ከሁለት ወር በኋላ ያድናችኋል። ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን እንዳያገኘው፣ ይቀቀላል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ክፈቱት። አየር ይግባ። የሻገተ ዘር ካያችሁ አውጡና ጣሉ፤ ሌላውን አጥባችሁ መልሱ። አሸዋው ከደረቀ ትንሽ ውሃ አርከፍክፉበት።

አንድ ቀን ነጭ፣ ሥር የመሰለ ነገር ከዘሩ ወጥቶ ወደ ታች ሲሄድ ታያላችሁ። እሱን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁት። ሥር ብቻ አይደለም፤ የዛፉ ቡቃያ ራሱ በዚያ ነጭ ቱቦ ጫፍ ውስጥ ነው ያለው። ዘሩ ወደ ጎን ይቀራል፣ ቅጠሉ ደግሞ ከዘሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ከአፈሩ ውስጥ ይወጣል። ያ ቱቦ ከተሰበረ ሁሉም አለቀ። ዘሩም ወዲያው አይወልቅም፤ ለወራት ችግኙን የሚመግበው እሱ ነው። እንዳይነቀል ተጠንቀቁ።

ከረጢቱ ካልተመቻችሁ ቀጥታ ዕቃ ላይ መዝራትም ይቻላል። ዘሩን 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት፣ አፈሩ ሳይደርቅ ጠብቁት፣ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ታገሡ።

ወደ ዕቃ ማዛወር

ነጩ ሥር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አዛውሩት። ከዚያ በላይ ካስረዘማችሁት ሥሮቹ ይጠላለፉና ሲለያዩ ይሰበራሉ።

የዕቃው ጥልቀት ከስፋቱ ይበልጣል። ሥሩ በቀጥታ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ተራው አጭር የአበባ ዕቃ አይሆንም። ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የችግኝ ፕላስቲክ ግዙ። ከሌለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አናቱን ቆርጣችሁ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር ብሳችሁ ተጠቀሙ። ቀዳዳው ብዙ ይሁን። ሃይላንዱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውጭውን በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፤ ሥር ጨለማ ይወዳል።

አፈሩ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይሁን። በሐዋሳ ዙሪያ በየቦታው የሚገኘውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ፈጭታችሁ በአሸዋ ፈንታ ብትጨምሩ በጣም ጥሩ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ እርጥበትም ይይዛል። ትኩስ ፍግ ግን እንዳትጨምሩ። ያቃጥለዋል።

በጣታችሁ ወይም በእንጨት ጉድጓድ ሥሩ፣ ነጩን ሥር ወደ ታች አድርጋችሁ አስገቡ፣ ዘሩ ከአፈሩ ሥር ለትንሽ እንዲሸፈን አድርጉ። አትጫኑት። ቀስ ብላችሁ አጠጡ።

የመጀመሪያው ዓመት

መጀመሪያ የሚወጣው አንድ ቀጭን ቅጠል ነው። ሣር ይመስላል። ብዙ ችግኝ በዚህ ምክንያት እንደ አረም ተነቅሏል፤ ግቢያችሁን የሚያጸዳ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ቅጠል እንደዚያው ያልተከፋፈለ ነው። የትልቁን ዛፍ ቅጠል የሚመስል የተሰነጣጠቀ ቅጠል የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዓመት ሙሉ አራት አምስት ቅጠል ብቻ ቢያወጣ አትደንግጡ። በዚህ ጊዜ ሥራው ከመሬት በታች ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ከፊል ጥላ ስጡት። የዛፍ ሥር፣ የበረንዳ ጠርዝ፣ ወይም በቆጥ ላይ የተዘረጋ ሣር ይበቃል። ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ፀሐይ አስለምዱት። አንድ ጊዜ ከጥላ አውጥታችሁ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ቅጠሉ ነጭ ይሆንና ይደርቃል።

ውሃ ስታጠጡ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ላዩ ከደረቀ አጠጡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ዛፉ ረግረግ ዳር ይበቅላል ብላችሁ ዕቃ ውስጥ ውሃ አታቁሩበት። ወንዝ ዳር ያለው ውሃ ይንቀሳቀሳል፣ አየርም አለው፤ ዕቃ ውስጥ የቆመ ውሃ ግን ሥር ያበሰብሳል። ቅጠሉ ሥር ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት የመሰሉ ትንንሽ ነፍሳት ካያችሁ በሳሙና ውሃ በነከረ ጨርቅ ጥረጉት። መድኃኒት አያስፈልግም።

አይጥና ዶሮ የዚህ ዕድሜ ጠላቶች ናቸው። ሽቦ ወንፊት ከላይ ብትደፉበት ትገላገላላችሁ።

ቦታ መምረጥ

ይህን ቀድማችሁ አስቡት። ዘንባባ ከተተከለ በኋላ ቦታ መቀየር ከባድ ነው። አንድ ግንድ ሆኖ አይቀርም፤ ዓመታት ሲያልፉ ግንዶቹ በዝተው ብዙ ቦታ ይይዛሉ፣ ዘንበልም ይላሉ። ስለዚህ ከግድግዳና ከአጥር ቢያንስ 4 ሜትር አርቁት። ከላይ የመብራት ሽቦ አይኑር። ልጆች የሚሯሯጡበት መተላለፊያ ላይም አትትከሉት፤ የታችኛው እሾህ የልጅ ዓይን ቁመት ላይ ነው የሚሆነው።

ግቢያችሁ ውስጥ እርጥበት የሚቆይበትን ቦታ ፈልጉ። የጣራ ውሃ የሚወርድበት ጥግ፣ የቧንቧው አካባቢ፣ የወጥ ቤት ዕቃ እጣቢ የሚደፋበት። በረኪና ያለበት ውሃ ግን አይድረስበት።

ግቢ የሌላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ችግኙን እስከ ሁለት ሦስት ዓመት በትልቅ ባልዲ አሳድጋችሁ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለዘመድ ግቢ መስጠት ትችላላችሁ። ሐይቁ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ለመትከል ያሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ቀበሌውን ጠይቁ። በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ችግኝ ሲተከል አብራችሁ ማስገባትም ይቻላል። ለእርጥብ መሬት የሚሆን የአገር ዛፍ ይዛችሁ ስትቀርቡ እንቢ የሚላችሁ ያለ አይመስለኝም። ፈቃድ ሳይኖር ተክሎ መሄድ ግን ለዛፉም አይበጅም፤ ጠባቂ የሌለው ችግኝ የፍየል ነው።

መትከል

ችግኙ ቢያንስ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ጠንካራ ቅጠሎች ሲይዝ ነው የሚተከለው። ሁለት ዓመት ቢቆይ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጊዜው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ እስከ መስከረም ስለሚቀጥል ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ። ስፋቱም ጥልቀቱም 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን አድርጉ። ስትተክሉ የላዩን አፈር ከአንድ ባልዲ ብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ መልሱ።

ከመትከላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ችግኙን በደንብ አጠጡት። ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱት፤ ጎትታችሁ አታውጡት። አፈሩን ከሥሩ ላይ አታራግፉ። ሥሩ ሳይነካ ከነአፈሩ ጉድጓዱ ውስጥ ይግባ።

ጥልቀቱ ላይ ተጠንቀቁ። ዕቃው ውስጥ አፈሩ የደረሰበት መስመር ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት አንገት ከተቀበረ ልቡ ይበሰብሳል። ዘንባባ በአንድ ግንድ ላይ አንድ ማደጊያ ብቻ ነው ያለው። ሌላ ዛፍ ቢቆረጥ ከጎኑ ያቆጠቁጣል፤ የዘንባባ ልብ ከሞተ ግን ያ ግንድ ሞተ። ትንሽ ችግኝ ደግሞ የሚተካው ጎን ግንድ ገና የለውም።

አፈሩን በእግራችሁ በቀስታ ጠቅጥቁ፣ ዙሪያውን ውሃ የሚይዝ ክብ ግድብ ሥሩ፣ አጠጡ። የእንሰት ቅጠል ወይም ደረቅ ሣር ላዩ ላይ አልብሱ፤ አንገቱን ግን እንዳይነካ አንድ ጣት ያህል አርቁት። ወዲያው እሾህ ወይም ሽቦ አጥር አድርጉለት። «ነገ አጥረዋለሁ» ማለት አይሠራም፤ ፍየል ነገን አትጠብቅም።

ከአንድ በላይ ትከሉ። ሦስት ወይም አራት ብትተክሉ ወንድም ሴትም የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ቦታ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ። የወንዱ አበባ ዱቄት በነፋስና በነፍሳት ስለሚሄድ ወንዱ በእናንተ፣ ሴቷ በጎረቤት ግቢ ብትሆንም ይገናኛሉ።

ሁለቱ በጋዎች

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ የሚፈትነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ጀሪካን ያህል ውሃ ስጡት። ከቤት ርቆ የተተከለ ከሆነ ሃይላንድ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን በመርፌ ብሳችሁ፣ ሥሩ አጠገብ ዘቅዝቃችሁ ቅበሩት። ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ከሦስተኛው ዓመት በኋላ እርጥብ ቦታ ላይ ከሆነ ራሱን ይችላል።

ምስጥ ካለ የደረቀውን ልባስ አንሡ፤ ምስጥ የሚመጣው ለደረቀው ነገር ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንድ ባልዲ ብስባሽ ጨምሩበት። ሌላ ማዳበሪያ አልመክርም።

ለሆሳዕና መቁረጥ

ዛፉ ከጠነከረ ቅጠሉን መጠቀም ይቻላል፤ የተከልነውም ለዚሁ ነው። ግን አቆራረጥ አለው።

ለቀለበትና ለመስቀል የሚፈለገው መሃል ላይ ያለው፣ ገና ያልተከፈተው፣ ነጣ ያለ ለስላሳ ቅጠል ነው። እሱ የዛፉ ቀጣይ ቅጠል ነው። በየዓመቱ ከሁሉም ግንድ እሱን ከወሰድን ዛፉ አዲስ ቅጠል አይኖረውም። ሆሳዕና ደግሞ የሚውለው በደረቁ ወራት መጨረሻ አካባቢ፣ ዛፉ ተዳክሞ ባለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ካሉት ግንዶች ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ብቻ፣ ከእያንዳንዱም አንድ ቅጠል ውሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎቹን ተጠቀሙ፤ ዘንድሮ የተቆረጠው ይረፍ። ስትቆርጡም በስለት ከላይ ቁረጡ። ወደ ታች ዘልቃችሁ ልቡን አትንኩ።

የተሻለም መንገድ አለ። ከዋናዎቹ ግንዶች ሥር በየዓመቱ ብዙ ትንንሽ ቡቃያ ይወጣል። ሁሉም እንዲያድግ ከተተወ ይጨናነቃል። አምስት ወይም ስድስት ጠንካራ ግንዶች አስቀርታችሁ የቀረውን ቡቃያ ለሆሳዕና ቁረጡ። ቅጠሉ ለስላሳ ነው፤ ዛፉም ይቀልለታል። እንዲህ ካደረጋችሁ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የሠፈር ልጆች ቀለበት ከአንድ ግቢ ይወጣል።

የደረቁ ቅጠሎችን መቁረጥ ችግር የለውም። አረንጓዴውን ለማሳመር ብላችሁ አትላጩት፤ ዛፉ ምግቡን የሚሠራው በእሱ ነው። ስትቆርጡ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ሸፍኑ።

የራሳችሁን ዘር መያዝ

ከዓመታት በኋላ አበባ ሲመጣ ወንዱንና ሴቱን ትለያላችሁ። የወንዱ አበባ ሲነካ ዱቄት ይበናል። የሴቷ ትንንሽ ክብ ኳሶች ይመስላል። አጠገባችሁ የካናሪ ዘንባባ ወይም ቴምር ያለበት ግቢ ካለ፣ ለዘር የምትፈልጉትን የሴት ዘለላ ሳይፈነዳ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ሲከፈት ከራሳችሁ ወንድ ዛፍ አንድ የአበባ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ መሃሉ ላይ አራግፉበት፣ ጨርቁንም መልሱ። ቴምር አምራቾችም እንዲሁ በእጅ ነው የሚያዳቅሉት። አበባው ወደ አረንጓዴ ጥቃቅን ፍሬ መቀየር ሲጀምር ጨርቁን አውልቁት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዱቄት ዘሩን አይለውጠውም። ዘለላው ላይ ክር እሰሩበት፣ ሲበስል ከሌላው ለይታችሁ ልቀሙት።